«ሲቲ ስካኑ ንጹሕ ነው» የሚለው ቃል ምን ያህሉን ይነግረናል?

ጭንቅላቱን ተመትቶ ድንገተኛ ክፍል የገባ ሰው ሲቲ ስካን ተነሥቶ «ምንም የለብህም» ተብሎ ሲሸኝ እፎይታው የቤተሰቡም ነው። ሳምንታት አልፈው ሐሳቡን መሰብሰብ ሲያቅተው፣ ብርሃንና ጫጫታ ሲረብሹት፣ የተነገረውን ቶሎ ሲረሳ ግን ያው ቃል ይከሰዋል፤ አለቃው እንደ ሰነፍ፣ ዘመዱም እንደ አስመሳይ ያየዋል። ጥፋቱ የመሣሪያው ሳይሆን ውጤቱ የሚነገርበት መንገድ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሲቲ ስካን የደም መፍሰስን፣ የራስ ቅል ስብራትንና እብጠትን በደቂቃዎች ውስጥ ስለሚያሳይ ሕይወት ያድናል። የአንጎልን አካባቢዎች እርስ በርስ የሚያገናኙ፣ ማየሊን የተባለ ቅባታማ ሽፋን ያላቸው ረጃጅም የነርቭ ክሮች የሚገኙበትን ነጩን የአንጎል ክፍል በተመለከተ ግን ዐይኑ ደካማ ነው። ጭንቅላት በኃይል ሲናወጥ እነዚህ ክሮች ይለጠጣሉ፤ ብዙዎቹም ወዲያው ሳይበጠሱ በሰዓታትና በቀናት ውስጥ እያበጡ ይቋረጣሉ።

እ.ኤ.አ. በ1994 ፒተር ባሰርና ባልደረቦቹ ያስተዋወቁት ዲፊውዥን ቴንሰር ኢሜጂንግ የተባለው የኤምአርአይ ዘዴ በአንጎል ውስጥ ውሃ የሚንቀሳቀስበትን አቅጣጫ ይለካል። በጤናማ ክሮች ውስጥ ውሃ ይበልጥ የሚሄደው በርዝመታቸው ነው፤ ክሮቹ ሲጎዱ አቅጣጫው ይዛባል፤ ይህም ውሃው ምን ያህል ወደ አንድ አቅጣጫ እንደሚያደላ በሚያሳይ፣ ከ0 እስከ 1 ባለው መለኪያ ይገለጻል። ንባቡ ግን ቀላል አይደለም፤ ቁጥሩ ብዙውን ጊዜ ቢቀንስም ከጉዳቱ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ቀናት ከፍ ሊልም ይችላል፤ በዕድሜና በማሽኑ ዓይነትም ይለያያል።

እ.ኤ.አ. በ2011 በታተመ ጥናት፣ ከፍንዳታ ጋር በተያያዘ ቀላል የአንጎል ጉዳት ደርሶባቸዋል ተብለው ከተመረመሩ 63 የአሜሪካ ወታደሮች መካከል በዚህ ዘዴ ጉልህ መዛባት የታየው በ18ቱ ነበር። ይህ ቁጥር ሁለት ነገር ይነግረኛል። 18ቱ የተሸሸገውን ጉዳት ማየት እንደሚቻል ያሳያሉ፤ የቀሩት 45 ደግሞ በምስሉ አለመታየት ጤነኝነትን እንደማያረጋግጥ ያስታውሱናል። አጥኚዎቹም የጉዳቱ ምርመራ አሁንም በሐኪሙ የሕመም ምልክት ግምገማ ላይ የተመሠረተ መሆኑን አስፍረዋል።

ስለዚህ ይህን ምስል ብቻውን የአንድን ሰው ጉዳት ማረጋገጫ አድርገው ፍርድ ቤት የሚያቀርቡ ጠበቆች ከዘዴው አቅም በላይ ይጠይቁታል፤ ብዙ ሰዎችን በቡድን ለማነጻጸር ያለው ብቃት በአንድ ታማሚ ላይ ገና አልጸናም። ምስሉ ንጹሕ ስለሆነ ታማሚውን የሚያሰናብት ሐኪምም በተቃራኒው ይሳሳታል። ለታማሚው «ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልገው ነገር አልታየም፤ ራስ ምታቱ ከባሰ፣ ካስታወከህ ወይም ከተምታታብህ ወዲያው ተመለስ፤ ማስታወስና ማተኮር ካስቸገረህም ሁለት ሳምንት ሳይሞላ እንገናኝ» ብሎ መንገር አዲስ ማሽን አይፈልግም።