ማስተካከያ፦ ስክሪኑ ላይ የሚታየው ቁጥር ሁሉ የገባ ገንዘብ አይደለም

ባለፈው ስለ ቴሌቶን (በቴሌቪዥን ለሰዓታት እየተላለፈ ለበጎ አድራጎት ገንዘብ ስለሚሰበሰብበት ዝግጅት) በጻፍኩት ላይ ሁለት ስህተቶች አሉ። ይቅርታ እጠይቃለሁ።

መጀመሪያ ትንሹን ላርም። የቴሌቶን ታሪክ የሚጀምረው ከላይቭ ኤይድ ነው ብዬ ነበር። አይደለም። ለኢትዮጵያ ረሃብተኞች የተዘጋጀው ያ ኮንሰርት ለንደንና ፊላዴልፊያ ላይ የተካሄደው እ.ኤ.አ. ጁላይ 13 ቀን 1985 ነው። አሜሪካዊው ኮሜዲያን ሚልተን በርል ግን ለካንሰር ምርምር ለሰዓታት የዘለቀ የቴሌቪዥን ዝግጅት የመራው በ1949 ነው። የቺሊው ቴሌቶንም በ1978 ጀምሯል።

ሁለተኛው የበለጠ ያሳስበኛል። ስክሪኑ ላይ እያደገ የሚሄደው ቁጥር "እጅ የገባ ገንዘብ ነው" ብዬ ነበር። ብዙ ጊዜ ግን ድብልቅ ነው። በካርድ ወይም በሞባይል ወዲያው የተከፈለ አለ። ስልክ ተደውሎ ቃል ብቻ የተገባም አለ። ድርጅቶች አስቀድመው የሰጡትና በዝግጅቱ ላይ የሚበሰረውም እዚያው ይደመራል። ቃል ከተገባው ውስጥ ሳይከፈል የሚቀርም ይኖራል። በሌላ በኩል ከዝግጅቱ በኋላ የሚገባ ገንዘብ ስላለ፣ የመጨረሻው ድምር ከዚያ ምሽት ሊበልጥም ይችላል።

ይህን ማረም የፈለግኩት በቅንነት የሰጡ ሰዎች በኋላ ሌላ ቁጥር ሲሰሙ "ገንዘባችን ተበላ" ብለው እንዳይደነግጡ ነው። ልዩነት መኖሩ ብቻውን የስርቆት ማስረጃ አይደለም። አዘጋጆቹን መጠየቅ ግን መብታችሁ ነው፦ ቃል የተገባው ስንት ነው? የገባውስ? ለዝግጅቱ ወጪ የዋለውስ?