ለመመረጥ የሚከፈልበት እህትማማችነት

የእህቴ ልጅ ዘንድሮ እዚህ አሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ገባች። ገና ትምህርት ሳይጀመር ሶሮሪቲ፣ እህትማማች ነን የሚሉ የሴት ተማሪዎች ማኅበር፣ ልመዝገብ ብላ እናቷን ገንዘብ ጠየቀች። እናትየው ነርሲንግ ሆም ውስጥ ሁለት ሺፍት እየሠራች ነው ያሳደገቻት። ሶሮሪቲ የሚባለውን ነገር አታውቀውም። ልጄ ከሰው አትነስ ብላ ከፈለች፤ ገንዘቡ አይመለስም።

ቀጥሎ የልብስ ዝርዝር መጣ። ዝርዝሩን በዓይኔ አይቼዋለሁ። የመጀመሪያው ቀን ቲሸርትና ቁምጣ፣ በማግሥቱ የበጋ ቀሚስ፣ የመጨረሻው ቀን የግብዣ ቀሚስ፣ ከነጫማው ፎቶ። ልጆቹ በነሐሴ ሙቀት ከአንዱ ሶሮሪቲ ቤት ወደ ሌላው ይዞራሉ፤ በር ላይ ይዘፈንላቸዋል፣ ገብተው ለጥቂት ጊዜ ያወራሉ፣ ይወጣሉ። ማታ የየቤቱ አባላት ተሰብስበው ማን ትቅር ማን ትለፍ ይላሉ። ጠዋት ስልክ ላይ፣ ነገ ተመልሰሽ የምትሄጂባቸው ቤቶች እነዚህ ናቸው የሚል መልእክት ይገባል። የኛ ልጅ ዝርዝር እያጠረ እያጠረ ሄዶ መጨረሻ ላይ ምንም አልቀረም።

ለምን? አይነገርም። "አክስቴ፣ ምን አጠፋሁ?" እያለች በስልክ ስታለቅስ ምን ልበላት? ሃይስኩልን በፎር ፖይንት የጨረሰች ልጅ ናት። ስህተቷ ቢነገራት ታርመዋለች። በጸጉሯ ይሁን፣ በስሟ፣ በጫማዋ፣ ማንም አይነግራትም። እኔን ያንገበገበኝ ይሄ ነው።

አገር ቤት ጊቢ ስንገባ ስማችንን ሰሌዳ ላይ ፈልገን ዶርማችንን አገኘን፤ አለቀ። አንዷ ከጎጃም፣ አንዷ ከጅማ፣ አንዷ ከሐረር። የመጣው በሶና ቆሎ ተዘርግቶ ይበላል። ጊቢ ጉባኤውም ፌሎሺፑም ፍሬሽ ሲመጣ ኑ ይላል እንጂ ልብስሽን አሳዪ አይልም። እርግጥ የኛም ጊቢ ገነት አይደለም። በብሔር መቧደን ስንቱን ልጅ እንደቀጠፈብን እናውቃለን፤ እሱን ረስቼ አይደለም የምጽፈው። ግን ጓደኛ ለማግኘት ክፈዪና ተመዘኚ ያለን የለም።

አሁን ደግሞ ልጅቷ ሌላ አሳብ መጥቶላታል፤ በሚቀጥለው ዓመት ከጥቁር አሜሪካውያን ሶሮሪቲዎች አንዱ ውስጥ ልግባ ወይ ትላለች። እነሱ ብዙውን ጊዜ ፍሬሽማን አይቀበሉም፤ መጀመሪያ ትምህርትሽን አሳዪን ይላሉ። እዚህ ላይ ልቤ ለሁለት ተከፈለ። እነዚህ ማኅበራት የተጀመሩት ጥቁር ተማሪ በሚገፋበት ዘመን ነው። የወንዶቹ አልፋ ፋይ አልፋ እ.ኤ.አ. በ1906 ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ፣ የሴቶቹ አልፋ ካፓ አልፋ በ1908፣ ዴልታ ሲግማ ቴታ በ1913፤ የሴቶቹ ሁለቱ የኛ ሰው በሞላበት በዋሽንግተኑ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ። ዴልታዎች በተመሠረቱ በሁለት ወራቸው ሴቶች የመምረጥ መብት ይሰጣቸው በሚለው ሰልፍ ዋሽንግተን ላይ ወጥተዋል። ማርቲን ሉተር ኪንግ የአልፋ ፋይ አልፋ አባል ነበሩ፤ ካማላ ሃሪስ አልፋ ካፓ አልፋ ናት። ከተመረቁ በኋላም አይበተኑም። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ስታርፍ ነጭ የለበሱ አሮጊቶች ተሰልፈው መጥተው ሲሸኟት አይቼ፣ የሰፈሬ እድር ነው ትዝ ያለኝ። ስደት ላይ ያለ ሰው እንዲህ ያለ ቀባሪ ቢያገኝ ማን ይጠላል?

ግን ማንኛውም ቤት ቢሆን፣ የጥቁርም የነጭም፣ ማታ ምን ይደረጋል ብዬ ሳልጠይቅ ሂጂ አልላትም። እ.ኤ.አ. በ2017 ፔን ስቴት ውስጥ አንድን የ19 ዓመት ልጅ ፍራተርኒቲ፣ የወንዶቹ ማኅበር፣ ሊቀበለው ብሎ መጠጥ አጠጣው። ልጁ ከደረጃ ወደቀ። ለድንገተኛ እርዳታ 911 የደወለ የተገኘው በማግሥቱ ጠዋት፣ ከወደቀ 12 ሰዓት ያህል ካለፈ በኋላ ነው። ልጁ ሞተ። ያን ሁሉ ሰዓት ቤቱ በሰው ተሞልቶ ነበር! ወንድም ተባብለው የሚጠራሩ ልጆች ናቸው። ችግር ውስጥ እንዳይገቡ ፈርተው ዝም አሉ። እኛ ጋ አንድ ሰው መንገድ ላይ ቢወድቅ ሰፈሩ ይሰበሰባል፤ ውኃ ያፈሳል፣ ክብሪት ያሸትታል፣ አዋቂ ነኝ ባዩ ይበዛል እንጂ ተኝቷል ብሎ የሚሄድ የለም።

ስለዚህ ለእህቴ ልጅ የነገርኳት ይሄን ነው። በሴሚስተር ስንት እንደሚከፈል በጽሑፍ ይስጡሽ፤ መዋጮው፣ ቲሸርቱ፣ ቅጣቱ ሳይቀር። "ለእናትሽ እንዳትነግሪ" የሚባል ነገር ከመጣ በዚያው ሰዓት ውጪ። ምሥጢር ነው፣ ባህላችን ነው ቢሉሽም ውጪ። የሚደበድብ፣ እንቅልፍ የሚነሳ፣ አጠጥቶ የሚጥል እህት የለም።

ወላጆችም አትፈሩ። እንግሊዝኛችን አይበቃም እያልን ልጆቻችንን ብቻቸውን አንተው። እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ በፌዴራል ደረጃ ሕግ ወጥቷል፤ ዩኒቨርሲቲዎች አዲስ ገቢን በማሰቃየት ጥፋተኛ ሆነው የተገኙ ማኅበራትን በስም ዘርዝረው ድረ ገጻቸው ላይ እንዲያወጡ ያስገድዳል። ልጃችሁ የምትገባበትን ቤት ስም ይዛችሁ እዚያ ፈልጉ። ካጣችሁት ዩኒቨርሲቲው ጋ ደውሉ። ገንዘቡን ከዚያ በኋላ ክፈሉ።