የሐጂ ንብ

ትናንት ማታ ልክ አንድ ሰዓት ላይ ግድግዳዬ ተደበደበ። የደሴ ጭቃ ቤት ግድግዳ ሲደበደብ መጀመሪያ አፈር ይረግፋል፤ ቀጥሎ የአከራይ ድምፅ ይመጣል።

«ልጄ፣ ያን ንብህን አጥፋው እንጂ!»

ንብ የተባለው ኮምፒውተሬ ነው። አከራዬ ሐጂ የጀርመን ድምፅ ሬዲዮን በአጭር ሞገድ ይሰማሉ። ጣቢያው በአማርኛ መናገር የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው፤ ሐጂም ከዚያ ወዲህ አንድ ማታ አልቀረብኝም ባይ ናቸው። ታዲያ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ዜናው ይጠፋና ዝዝዝዝ ብቻ ይቀራል። ትናንት እኔ ስከፍት እንደሚጀምር፣ ስዘጋ እንደሚያቆም ደረሱበት።

እስከ ትናንት ጥፋተኛው ከከተማችን በላይ የተገተረው ተራራ፣ ጦሳ ነበር። ደሴ ላይ ሁሉም ነገር በጦሳ ይሳበባል። ስልክ እምቢ ሲል ጦሳ። የቴሌቪዥኑ ምስል ሲቆራረጥ ጦሳ። ጉም የወረደ ቀንማ ጦሳና ጉሙ ተባብረው። ጎረቤት ጣራው ላይ ሽቦ ስለሰቀለ ሐጂ እኔንም ሦስት ጊዜ ጣራ አስወጥተውኛል። «ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች» የሚለውን ተረት እንደኔ የሚወድ ሰው የለም። ግን ዶሮዋ ማን ሲል ነው የሰማችው? የሚነግረን የለም። እኔ በበኩሌ ጥገና ቤት ሄዳ ነው ባይ ነኝ።

ጥገና ቤት ስል ደሜ ፈላ። የዛሬ ሦስት ዓመት ኮምፒውተሬን አንዱ ዘንድ ወሰድኩት። የብረት ክዳኑን ፈታና «ይተንፍስበት፣ ይሞቃል» አለኝ። የስክሪኑ ገመድ ጫፍ ላይ የነበረችውን ጥቁር ድቡልቡል ደግሞ «ጌጥ ናት» ብሎ በጉጠት ሰበራት። ገንዘብም ተቀበለኝ! ኧረ ጌጥ አይደለችም! ፌራይት ነው የምትባለው። በገመዱ ላይ የሚሮጠውን ረብሻ አፍና የምታስቀረው እሷ ናት። እሷ ከሌለች ገመዱ ራሱ አንቴና ሆኖ ይረጨዋል። ክዳኑም ቢሆን ለአቧራ ብቻ አይደለም፤ ጩኸቱን ውስጥ ያስቀራል። እኔ ለካ ሦስት ዓመት ሙሉ ራቁቱን የቆመ ማሰራጫ ሐጂ ግድግዳ ላይ አስጠግቼ ነው የኖርኩት። ያን ሰውዬ ዛሬም መንገድ ላይ ሳገኘው ሰላም አልለውም። እሱ ለምን እንደሆነ አያውቅም፤ ይበልጥ የሚያበግነኝም ይሄ ነው።

ብቻ፣ ወደ ንቡ። ዛሬ ክዳኑን ገጠምኩት፤ ሁለት ብሎን ጠፍቷል። ኮምፒውተሩን ወደ ማዶው ግድግዳ አሸሸሁት። ርካሹን የስልክ ቻርጀር ነቀልኩ። ከአንድ አሮጌ ገመድ ላይ ያገኘሁትን ድቡልቡል የስክሪኑ ገመድ ላይ ገጠምኩ። የሐጂን ሬዲዮ ደግሞ ከምንጋራው ዲቫይደር ነቅዬ ባትሪ አስገባሁበት።

አንድ ሰዓት ሆነ። ጀርመን ጥርት ብሎ መጣ። «አብሽር ልጄ!» አሉ ሐጂ። ደስ ብሏቸው ቡና እንዲፈላ አዘዙና የበረንዳውን አዲስ አምፖል አበሩ።

ዝዝዝዝ።

ሐጂ ቀና ብለው ጦሳን አዩት። እኔም ዝም አልኩ፤ የዚህን ወር ኪራይ ገና አልከፈልኩም።