ተልባ ቢንጫጫ በአንድ ፔርሙዝ

በአገራችን መድኃኒት ለማዘዝ ዓመታት መማር የሚያስፈልገው ለሌላው በሽታ ነው። ነፍሰ ጡር ሴት ፊት ግን ሁሉም ሰው ሐኪም ነው። ሆዷ ገፋ ማለት የጀመረ ዕለት የሰፈሩ ቡና ወደ መድኃኒት ቤትነት ይለወጣል፤ ስምንተኛው ወር ሲገባ ደግሞ ሪፈራል ሆስፒታል ይሆናል። የወለደች ሁሉ ስፔሻሊስት ናት። ያልወለደችውም እህቷ ስትወልድ በር ላይ ቆማ ስለነበር ልምድ አላት። እኛ ወንዶቹ እንኳን ዝም አንልም፤ «የእኔ ባለቤት ያን ጊዜ…» ብለን የምንጀምረው፣ ማንም የማያስጨርሰን ነገር አለን።

ታናሽ እህቴ የመጀመሪያ ልጇን ስታረግዝ የዚህ የሕክምና ቦርድ ሰብሳቢ አማቷ ነበሩ። ዘጠነኛው ወር ከመግባቱ በፊት ከአርሲ የመጣ ተልባ ተለቅሞ፣ ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ በውኃ ተበጥብጦ፣ ተጠልሎና በማር ጣፍጦ በፔርሙዝ ገባ። ንድፈ ሐሳቡ ቀላል ነው። ተልባ ያሟልጫል። እናት የሚያሟልጭ ነገር ከጠጣች ልጁም ተሟልጮ ይወጣል። ይህን በመሰለ ግልጽ ጉዳይ ላይ ጥያቄ ማንሳት እንደ ብልግና ይቆጠራል። እኔ ግን ተልባው የሚሄደው በጨጓራና በአንጀት፣ ልጁ የሚመጣው በሌላ በር መሆኑን፣ ሁለቱም የትም እንደማይገናኙ ለማስረዳት ሞከርኩ። አማቷ በትዕግሥት ሰሙኝና፣ «አንተ ወልደህ ታውቃለህ?» አሉኝ። ክርክሩ በዚሁ ተዘጋ።

ተልባ ምንም አያሟልጭም አላልኩም። አሰሩ ብዙ ስለሆነ ለሆድ ድርቀት ጥሩ ነው፤ እርጉዞችን ድርቀት ስለሚያስቸግራቸው በልኩ ቢጠጡት እፎይ ይላሉ። ችግሩ «በልኩ» የሚባለው ነገር በአማቷ ቤት አለመኖሩ ነው። እህቴ የመጨረሻዎቹን ሳምንታት ያሳለፈችው ለምጥ ስትዘጋጅ ሳይሆን ወደ መጸዳጃ ቤት ስትሮጥ ነው። አማቷ ሩጫውን ሲያዩ ደስ አላቸው። «አያችሁ? መሥራት ጀምሯል!»

ቦርዱ ግን አንድ ልብ አልነበረም። ሌላ አገር ተወልደው ያደጉ አንዲት ጎረቤት ተልባ የሚለውን ሲሰሙ አማተቡ። በእሳቸው አገር ተልባ ለእርጉዝ አይሰጥም፤ ሕፃኑ ገላ ላይ ይለጠፋላ! ሙዝም ይለጠፋል፤ ወተትም፣ አቮካዶም እንዲሁ። ማስረጃ ሲጠየቁም አላጡም፤ ሕፃን ሲወለድ ቆዳው ላይ ነጭ ቅባት የመሰለ ነገር አይታይም? ይታያል። ያ ቅባት የሕፃኑ የራሱ ቆዳ የሚያመነጨው፣ ማሕፀን ውስጥ ካለው ውኃ የሚጠብቀው ልባስ ነው፤ ሙዝ አይታው የማታውቅ እናት ልጅም ይዞት ይወለዳል። ለጎረቤታችን ግን እያንዳንዱ ሕፃን ወንጀሉ በገላው ላይ የተጻፈበት ምስክር ነው። «ይኸው፣ ሙዝ በልታለች!» በመጨረሻ ሁለቱ ወገኖች በሽምግልና ተስማሙ፤ ተልባው ይጠጣ፣ ግን ሁለት ጊዜ ይጠለል። ማርያም በሽልም ታውጣሽ ተባለና ተበተኑ።

በተልባ እስቃለሁ። በጤና አዳም ግን ብዙም መሳቅ አልቻልኩም። ቅጠሉ ቡና ላይ ጣል ሲደረግ ሽታው ልብን ያውዳል፤ እኔም እወደዋለሁ። አክስታችን ያመጣችው ግን የቡናውን ዓይነት አይደለም። ድርብ እፍኝ ጤና አዳም ከነፍሬው ከነጭ ሽንኩርት ጋር ተቀቅሎ፣ ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ፣ «ምጡን ያፋጥነዋል» ተብሎ ነው የቀረበው። በብዛት ሲወሰድ ማሕፀንን እንደሚያኮማትር ስለሚታወቅ ያፋጥናል መባሉ ከሜዳ የመጣ ወሬ አይደለም፤ የሚያስፈራውም ይኸው ነው። በሆስፒታል ኦክሲቶሲን የሚባለው የምጥ ማምጫ በግሉኮስ ተጨምሮ ሲሰጥ በደቂቃ ስንት ጠብታ እንደገባ ይቆጠራል፤ የሕፃኑ የልብ ምት እየተደመጠ ጠብታው ይጨመራል ወይም ይቀነሳል። ማሕፀን ፋታ ሳያገኝ ከተኮማተረ ሕፃኑ አየር ያጥረዋል፤ ማሕፀኑም ሊቀደድ ይችላል። በአክስታችን ክሊኒክ መለኪያው «ይህን ያህል» ነው፤ የአንድ ሰው «ይህን ያህል» ደግሞ የሌላው እጥፍ ነው። ጠብታ የሚቆጥር የለም። የሚቆጠረው በስንት ሰው እንደተሞከረ ነው።

ይህ ሁሉ ሲሆን ከጤና ጣቢያ በነጻ የተሰጣት የብረትና የፎሊክ አሲድ ክኒን መሳቢያ ውስጥ ተኝቷል። አማቷ ክኒኑን አያምኑትም። አንደኛ፣ ልጁን ያገዝፈዋል ይባላል። ሁለተኛ፣ «ውስጡ ምን እንዳለ ማን ያውቃል?» ውስጡ ያለው ነገር በሚሊግራም ሳይቀር ላዩ ላይ ተጽፏል። ከሾላ ገበያ በአሮጌ ጋዜጣ ተጠቅልሎ የመጣው ቅጠል ላይ ምንም የተጻፈ ነገር የለም፤ የጋዜጣውን የስፖርት ዜና ካልቆጠርን በስተቀር። ስለ እርሱ ግን ውስጡ ምን እንዳለ የጠየቀ አልነበረም።

የባሏ እህት ከሜሪላንድ በስልክ ገባች። እዚያ ያሉ እርጉዞች በመጨረሻዎቹ ወራት የራስቤሪ ቅጠል ሻይ ይጠጣሉ፤ በሰው በሰው ልልክላት ነው አለች። ዘመዱ እንጆሪ በገጠራችን አጥር ላይ እሾሁን አንጨፍሮ የሚበቅል፣ ፍየል የምትጋጠው ቁጥቋጦ መሆኑ ሲታወቅ አማቷ ቅር አላቸው። አሜሪካ ድረስ ተሄዶ አጥር ይጠጣል እንዴ?

እኔም በበኩሌ ጥናት የተደረገበት ነገር ይዤ ቀረብኩ። በዮርዳኖስ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2011 በታተመ ጥናት፣ ከመውለጃቸው በፊት ባሉት አራት ሳምንታት በቀን 6 ፍሬ ቴምር የበሉ 69 ሴቶች ካልበሉ 45 ሴቶች ጋር ተነጻጽረው፣ የበሉት ሆስፒታል ሲደርሱ የማሕፀን በራቸው የተሻለ ተከፍቶ ተገኝቷል፤ ምጥ ማምጫ የሚያስፈልጋቸውም ያነሱ ነበሩ። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ ቴምር ግን ቢያንስ ምግብ ነው። ቦርዱ ሐሳቤን በአንድ ድምፅ ጣለው። ምክንያቱን አክስታችን ተናገረች። «ቴምር ይጣፍጣል። መድኃኒት ይመራል እንጂ መቼ ይጣፍጣል?» ማር የገባበት ተልባ አጠገቧ ተቀምጦ ነበር።

የእነዚህ መድኃኒቶች ትልቁ ኃይል ተሸንፈው አለማወቃቸው ነው። በቶሎ ከወለደች ተልባው ሠርቷል። ምጡ ከረዘመ ዘግይታ ነው የጀመረችው። በኦፕራሲዮን ከወለደች ደግሞ ተልባው ባይኖር ኖሮ ምን ይፈጠር እንደነበር አስቡት!

ፍትሐዊ ልሁን፤ ሽማግሌዎቹ የሚያውቁት፣ ነጭ ጋዋን የለበሰው ለመማር ረጅም ጊዜ የፈጀበት ነገር አለ። ምጥ የያዛት ሴት ብቻዋን መሆን አትፈልግም፤ ገንፎ፣ ቡናና አጠገቧ ሆኖ «ማርያም፣ ማርያም» የሚልላት ሰው ትፈልጋለች። ብዙ ጤና ጣቢያዎች ይህን ሲረዱ የእናቶች ማቆያ ክፍል አዘጋጅተው ገንፎ እንዲገነፋ፣ ቡና እንዲፈላ ፈቀዱ። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከመቶ ወሊድ በጤና ተቋም የተካሄደው 26 ነበር፤ በ2011 ዓ.ም. 48 ደርሷል። አምቡላንሱም፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት መዞርም ስላለ ሁሉን ነገር ገንፎ ሠራው አልልም። ግን ገንፎው በማንኪያ የሚለካ ድርሻ አያጣም።

የእህቴ ምጥ ሌሊት መጣ። እኔ መኪና ነዳሁ፤ ቦርዱ በሙሉ ከኋላ ተጫነ። ጤና ጣቢያው ስንደርስ አዋላጅ ነርሷ ካርድ አወጣችና፣ «ቤት ውስጥ የወሰድሽው ነገር አለ?» አለቻት። እህቴ አማቷን አየች። አማቷ ጣሪያውን አዩ። አክስታችን ፔርሙዙን በነጠላዋ ሸፈነችው።

«ምንም የለም፣ ሲስተር» አለች እህቴ።

ነርሷ «ምንም» ሲባል የሰማችው ያን ሌሊት ለመጀመሪያ ጊዜ አልነበረም መሰለኝ። አልጻፈችውም። ወደ አማቷ ዞራ ፈገግ አለች። «እማማ፣ መቼም ተልባ ሳይሰጧት አልቀሩም። እኔንም እናቴ አጠጥታኛለች። ጥሩ ተልባ አግኝተው ነበር?»

«እንዴታ! የአርሲ ነው እንጂ!»

«በቀን ምን ያህል ትጠጣ ነበር?»

«ጠዋት አንድ ብርጭቆ፣ ማታ አንድ።»

«ኧረ እትዬ፣ ሁለት ሁለት ነው!» አለች አክስታችን፣ የተነካ ክብሯን ለማስመለስ።

ከዚያ በኋላ የሚያቆማቸው ጠፋ። ዝንጅብሉ፣ ጦስኙ፣ በቅቤ መታሸቱ፣ ማን መቼ እንዳመጣው፣ የማን እንደተሻለ፣ ሁሉም ወጣ። ነርሷ ዝም ብላ ትጽፋለች። ካርዱ ሲሞላ ገልብጣ ጀርባው ላይ ቀጠለች።

«ጤና አዳሙንስ መጨረሻ የጠጣችው ስንት ሰዓት ላይ ነው?» አለች ቀና ሳትል።

አክስታችን ክው አለች። «እርሱን ደግሞ ማን ነገረሽ፣ ልጄ?»