አዳማ ዋና ከተማ በነበረች ጊዜ

የፖለቲከኞቻችን ትዝታ ደካማ ነው ብሎ የሚያማ ሰው ንግግራቸውን በደንብ አላዳመጠም። የዐድዋን ዘመቻ፣ የ1966ቱን አብዮት፣ በአያት ቅድመ አያቶቻቸው ላይ የደረሰውን በደል ከነቦታው ይዘረዝሩልናል። ጭንቁ የሚመጣው አሥር ወይም ሃያ ዓመት ብቻ ወደ ኋላ ተመልሰው ሲጠየቁ ነው። ያን ጊዜ ያለፈውን መቆስቆስ አይጠቅምም ይባላል።

አዳማ የሚኖር ሰው ለዚህ ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ አይሄድም። በ1992 ዓ.ም. የኦሮሚያ ክልል መቀመጫ ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ እንዲዛወር ተወሰነ። ተቃውሞው ቀላል አልነበረም፤ በ1996 ዓ.ም. ድምፃቸውን ያሰሙ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኦሮሞ ተማሪዎች ታስረዋል፣ ከትምህርት ገበታም ተባረዋል። በግንቦት 1997ቱ ምርጫ አዲስ አበባ ላይ የተቃዋሚዎች ጥምረት የሆነው ቅንጅት አሸነፈ። ወር ሳይሞላ፣ በሰኔ፣ ያው ክልሉን ያስተዳድር የነበረው የኦሮሞ ሕዝብ ዴሞክራሲያዊ ድርጅት (ኦሕዴድ) መቀመጫው ወደ አዲስ አበባ ይመለሳል አለ። መዛወሩን መቃወም እንደ ወንጀል ሲታይ ቆይቶ መመለሱ በአንድ ጊዜ የሕዝብ ጥያቄ ሆኖ አረፈው።

ነገሩ ወረቀት ላይ ብቻ አልቀረም። አንዲት ጎረቤታችን የክልል ሠራተኛ ይገባበታል ተብላ ጓሮዋ ላይ ሦስት ሰርቪስ ክፍሎች አሠራች፤ ብሎኬቱም ቆርቆሮውም በብድር ነበር። ደላላው ያመጣላት የመጀመሪያ ተከራይ ዓመት ሳይሞላው ፍራሹንና ቁም ሣጥኑን ጭኖ ሄደ። ለምን መጡ፣ ለምንስ ሄዱ ብላ ቀበሌ ብትጠይቅ ያገኘችው መልስ “ውሳኔው ከላይ ነው” የሚል ነበር። ከላይ ደግሞ ማን ይጠየቃል?

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። እኔ እጠራጠራለሁ። የተወጋውም ይረሳል፤ በተለይ የራሱን ቁስል ሳያክም የአያቱ ቁስል በየበዓሉ ሲነገረው። የሩቁ ታሪክ ለተናጋሪው ይመቻል፤ የዚያ ዘመን ባለሥልጣን ሞቷል፣ መልስ ስጥ የሚባል የለም። በ1992 እጁን አውጥቶ የደገፈ፣ በ1997ም እጁን ያወጣ ሰው ግን በሕይወት ሊኖር ይችላል፤ ምናልባትም ሌላ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ኦሕዴድ በ2011 ዓ.ም. ስሙን ወደ ኦሮሞ ዴሞክራሲያዊ ፓርቲ (ኦዴፓ) ቀየረ፤ በ2012 ደግሞ ከሌሎች ጋር ተዋሕዶ ብልጽግና ሆነ። አባላቱ ተሻገሩ፤ የቀድሞውን ውሳኔ ተጠያቂነት ተረክቤያለሁ ያለ ግን አልሰማንም። ተቃዋሚዎችም በዚህ አይሻሉም። ቅንጅት ለምን እንደፈረሰ ብትጠይቁ በመሪዎቹ ቁጥር ልክ ታሪክ ይነገራችኋል፤ በየትኛውም ውስጥ ተራኪው ጥፋተኛ አይደለም።

መርሳት ለሰላም ይበጃል የሚሉ አሉ። ሐሳቡን አልንቀውም፤ አገራችን ቂም በቃኝ ያለች አገር ናት። ነገር ግን ምን እንደተደረገ ሳይታወቅ ይቅር የሚባለው ምኑ ነው?

እድር ላይ ጸሐፊው ስብሰባውን የሚጀምረው ያለፈውን ቃለ ጉባኤ በማንበብ ነው። የተቀደደውን ድንኳን አሰፋለሁ ብሎ የዘገየ ሰው ስሙ ሲጠራ ተነሥቶ ምክንያቱን ይናገራል፤ ማንም እንደ ስድብ አይቆጥረውም። ለድንኳን ይህን ያህል የምንጠነቀቅ ሰዎች ለክልል መቀመጫ ለምን እናንሳለን?

የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ማንኛውም ሰው ከመንግሥት አካል መረጃ የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። የአዳማ ተወካዮች ይህንን መብት ለእኛ ይጠቀሙበት። የ1992ንም የ1997ንም ውይይት ቃለ ጉባኤ አስወጥተው ከተማው ውስጥ ማንም ገብቶ ሊያነበው በሚችልበት ቤተ መጻሕፍት ያስቀምጡ፤ ማን ምን ብሎ እንደተከራከረ፣ ማን ሁለቱንም ጊዜ እንደደገፈ፣ ማንስ ዝም ብሎ እንደተቀመጠ ከነስሙ እናንብበው።