ደሞዝ ከየት መጣ?

ደሞዜ ስለዘገየ ብሶቴን ልተነፍስ ጓደኛዬ አጠገብ ቁጭ አልኩ። ገና "ደሞዜ…" ከማለቴ ስልኩን መዥረጥ አደረገ።

"ቆይ፣ ደሞዝ ከየት እንደመጣ ታውቃለህ?"

ከየት እንደሚመጣማ አውቃለሁ። የጠፋኝ መቼ እንደሚመጣ ነው።

"ደምና ወዝ!" አለ ሎተሪ እንደደረሰው ሰው። ከዚያ የኦንላይን መዝገበ ቃላቱን ከፍቶ ወደ እንግሊዝኛው ተሻገረ። "ሳለሪ" የመጣው ጨው ከሚለው የላቲን ቃል ነው፣ የሮማ ወታደሮች ይከፈላቸው የነበረው በጨው ነው አለኝ። ብሶቴን እንደታቀፍኩ ቀረሁ። ሰው ሲከፋው "አይዞህ" ይባላል እንጂ ሥርወ ቃል ይነገረዋል?

ከተረትና ምሳሌ ሁሉ የምወደው "ያልጠረጠረ ተመነጠረ" የሚለውን ነው። ቤቴ ገብቼ ራሴ ፈተሽኩ። ቃሉ ከጨው መምጣቱ እውነት ነው። ወታደሩ ጨው እየተሰፈረለት ወደ ቤቱ ይሄድ ነበር ለሚለው ግን ከጥንት የተገኘ ማስረጃ የለም። ጓደኛዬ የመጀመሪያውን መስመር አንብቦ ዘግቶታል። ሰው ሁሉ እንደዚያ ነው! ሁለት መስመር ዝቅ ማለት ምን ይገድላል?

ይሄ ነገር የቆየ ቁስሌን ነካብኝ። ተማሪ ሳለሁ አንድ መምህር "ኒውስ" (ዜና) ማለት የአራቱ አቅጣጫዎች የእንግሊዝኛ ስም መነሻ ፊደላት ናቸው አሉን። ሰሜን፣ ምሥራቅ፣ ምዕራብ፣ ደቡብ። እጄን አውጥቼ "አዲስ ከሚለው አይደለም እንዴ?" ብል ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መምህሩም ሳቁ። ነገሩ ግን እኔ እንዳልኩት ነው፤ "ኒው" ላይ የብዙ ቁጥር "ስ" ተጨምሮ "አዳዲስ ነገሮች" ለማለት ነው። ዛሬ መዝገበ ቃላቱ ፈረደልኝ። ይግባኙን ማን ይስማልኝ? (ስም አልጠራም። ከፊት ወንበር ተቀምጠህ ጠረጴዛ እየደበደብክ የሳቅከው ግን ራስህን ታውቃለህ።)

መዝገበ ቃላትም ቢሆን ይጠረጠራል። እ.ኤ.አ. በ1934 የወጣው ትልቁ ዌብስተር የተባለ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ውስጥ "ዶርድ" የሚባል ቃል ነበረ። ትርጉሙ እፍጋት (በእንግሊዝኛ "ዴንሲቲ") ነው ይላል። እንዲህ ያለ ቃል በዓለም ላይ የለም! አዘጋጆቹ ዘንድ የነበረች ብጣሽ ወረቀት "ዲ ኦር ዲ" ትላለች፤ እፍጋት በትልቁ ወይም በትንሹ "ዲ" ያጥራል ለማለት። አንዱ ገጣጥሞ አነበባትና ቃል ሆና ታተመች። እስከ 1939 ማንም ልብ አላላትም። በምን ተያዘች መሰላችሁ? ሥርወ ቃል የላትም። አባትሽ ማነው ስትባል ዝም አለች።

ይህን ሳነብ ወደ ሹካ ሄድኩ፤ በዓረብኛ እሾህም ማለት ነው። ከሹካ ወደ ጡንቻ ዘለልኩ። የእንግሊዝኛው "መስል" በላቲን "ትንሽ አይጥ" ነው። ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ሆነ። በማግስቱ አንድ የሥራ ባልደረባዬ "ጡንቻዬን አመመኝ" ሲል፣ ምን እንዳልኩት ትገምታላችሁ። አይጥ ይዤ የመጣሁ ይመስል አየኝ።

ደሞዙ? አዎ፣ የጀመርኩት ስለ እሱ ነበር። አልገባም። ትናንት ለዚያው ጓደኛዬ ደውዬ "እስኪ ትንሽ አበድረኝ" አልኩት።

"ብድር የሚለው ቃል…" ብሎ ጀመረ።

ዘጋሁበት።