አንዲት መስመር ደሴ ድረስ አስኬደችኝ

ይህን የምጽፈው ከደሴ ተመልሼ የመንገዱ ድካም ገና ሳይለቀኝ ነው። ውስጤ ግን አሁንም እርር እያለ ስለሆነ ተንፍሼ ልገላገለው። ሊኑክስ በሚባለው የኮምፒውተር ሥርዓት ላይ የምትሠሩ ነገሩን ታውቁታላችሁ። የማትሠሩም ታገሡኝ፣ ይገባችኋል።

የምሠራበት ድርጅት ደሴ ላይ ቅርንጫፍ አለው። እዚያ አንድ ሰርቨር አለ። ሰርቨር ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ከጠረጴዛ ሥር የተቀመጠ፣ ዴቢያን የሚባለው የሊኑክስ ዓይነት የተጫነበት ተራ ኮምፒውተር ነው። የሽያጭ ፕሮግራሙ የሚኖረው እሱ ላይ ነው። ሦስት የካሸር ማሽኖች ከእሱ ጋር ይነጋገራሉ። እኔ ደግሞ አዲስ አበባ ቁጭ ብዬ በዋየርጋርድ ቪፒኤን (በኢንተርኔት ላይ በተዘረጋ የግል መስመር) በኩል፣ ከርቀት ትእዛዝ ለመስጠት በሚያስችለው ኤስኤስኤች እየገባሁ አስተዳድረዋለሁ።

የችግሩ መነሻ መብራት ነው። መብራት ይሄዳል። ሲመጣ ራውተሩ እንደ አዲስ ይነሳል፣ ለማን የትኛውን አድራሻ ሰጥቶ እንደነበርም ይረሳል። ትናንት መጨረሻው 14 የሆነ አይፒ አድራሻ የነበረው ሰርቨር ዛሬ 22 ሆኖ ይገኛል። የካሸር ማሽኖቹ ግን የሚያውቁት 14ን ብቻ ነው። ከዚያ ስልኬ ይጮኻል። «ወንድሜ፣ ዛሬም ሲስተም እምቢ አለ።» ደንበኛ ቆሞ ይጠብቃል፣ ይሰለቸዋል፣ ይሄዳል። ራውተሩ ላይ ገብቼ አድራሻውን እንዳላስርለት የይለፍ ቃሉ በእጃችን አይደለም። ስለዚህ ያለኝ መንገድ አንድ ነበር፤ ሰርቨሩ ራሱ ቋሚ አድራሻ እንዲይዝ ማድረግ።

አርብ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል። ቅርንጫፉ ተዘግቷል፣ ሠራተኛው ወደ ቤቱ ሄዷል። እኔ ገባሁ። ዴቢያኑ ኔትወርኩን የሚይዘው በኔትወርክ ማኔጀር ስለሆነ የእሱን የትእዛዝ መሣሪያ፣ ኤንኤምሲኤልአይን ከፈትኩ። በአንድ መስመር ሁለት ነገር ነገርኩት፤ አድራሻህ ይህ ነው፣ ከእንግዲህ ዲኤችሲፒን (ራውተሩ አድራሻ በራሱ የሚያድልበትን ዘዴ) አትጠይቅ፣ ዘዴህ ማንዋል (በእጅ የተሰጠ) ይሁን። ከዚያ ኮኔክሽኑን አስነሳው አልኩና ኢንተርን ተጫንኩ።

ስክሪኑ ድርቅ አለ። አንድ ደቂቃ ጠበቅሁ፣ ሁለት ደቂቃ ጠበቅሁ። ሌላ መስኮት ከፍቼ ሰርቨሩ መልስ ይሰጥ እንደሆነ ፒንግ አደረግሁ። ምንም የለም።

ያኔ ነው የገባኝ። ጌትዌይ አልጻፍኩም። ዲኤችሲፒ የሚሰጠው አድራሻ ብቻ አይደለም፣ ጌትዌዩንም ዲኤንኤሱንም (የድረ ገጽ ስምን ወደ አድራሻ የሚተረጉመውን) አብሮ ነው የሚያመጣው። ማንዋል ሲባል ሦስቱም አብረው ይሄዳሉ። ጌትዌይ ማለት የግቢው መውጫ በር ነው። ሰርቨሩ አዲስ አድራሻ ይዞ፣ ሙሉ ጤነኛ ሆኖ፣ ወደ ውጭ የሚወጣበት በር ግን የለውም። ቪፒኤኑ የሚያልፈውም በዚያው በር ስለሆነ እሱም አብሮ ተዘጋ። እኔ አዲስ አበባ፣ እሱ ደሴ፣ መካከላችን 400 ኪሎ ሜትር ገደማ።

ስህተቱ የኔ ነው፣ አልክድም። መጻፍ የነበረብኝን አልጻፍኩም። የሚያንገበግበኝ ግን መሣሪያው ማየት እየቻለ ዝም ማለቱ ነው። ልብ በሉ፣ ኤንኤምሲኤልአይ ማየት ሲፈልግ ያያል። ማንዋል ብለህ አድራሻ ካልሰጠኸው አይቀበልህም፣ ስህተት ብሎ ይመልስሃል። አድራሻ ሳይኖር ጌትዌይ ብትሰጠው ያንንም አይቀበልም። አድራሻ ሰጥተህ ጌትዌይ ስትረሳ ግን ቃል አይተነፍስም። ጌትዌይ የሌለው ግንኙነት ትክክል የሚሆንበት ጊዜ እንዳለ አውቃለሁ። ለስቶሬጅ (ለፋይል ማከማቻ) ብቻ የተዘረጋ ኔትወርክ ወደ ውጭ መውጣት አያስፈልገውም። እሺ፣ ይሁን። ግን ይህ ማሽን ከአንድ ደቂቃ በፊት መውጫ በር ነበረው። ያለው በር ያ ብቻ ነበር። ትእዛዙን የሰጠሁትም በዚያው በር በኩል ገብቼ ነው። «ይህን ካደረግህ መውጫህን ታጣለህ፣ ልቀጥል?» ብሎ አንድ ጊዜ መጠየቅ ምን ይከብዳል?

ቀጥሎ የመጣውን ስሙ። ቅዳሜ ጠዋት ካሸሯ ጋ ደወልኩ። የኮምፒውተር ሰው አይደለችም፣ መሆንም አይጠበቅባትም። መጀመሪያ አጥፍታ እንድታበራው ልነግራት ብዬ ተውኩት፣ ዋጋ እንደሌለው ትዝ አለኝ። እዚህም ላይ ሌላ የሚያበሳጭ ነገር አለ። አይፒ የሚባል ሌላ የኔትወርክ ትእዛዝ አለ፤ የሚያደርገውን ወዲያው ያደርጋል፣ ማሽኑ ሲጠፋ ግን ሁሉም ይጠፋል። ኤንኤምሲኤልአይ ደግሞ ተቃራኒው ነው። ሞዲፋይ (ቀይር) ስትለው ዲስክ ላይ ይጽፋል፣ ሥራ ላይ የሚውለው ግን ኮኔክሽኑን ዳግም ስታስነሳው ነው። አንዱ ይሠራል ግን አይቆይም፣ ሌላው ይቆያል ግን ወዲያው አይሠራም። በአይፒ አድርጌው ቢሆን ማሽኑን አጥፍቶ ማብራት ብቻ ይበቃኝ ነበር። የኔ ስህተት ግን ዲስክ ላይ ተጽፏል።

ስለዚህ የጎደለውን የጌትዌይ ትእዛዝ በስልክ ማስጻፍ ጀመርኩ። ተርሚናሉን፣ ትእዛዝ የሚጻፍበትን መስኮት፣ ከፈተች። ወደ አስተዳዳሪ መግባት ነበረባት። የይለፍ ቃሉን ፊደል በፊደል ነገርኳት። «ወንድሜ፣ ኪቦርዱ አይሠራም፣ ስጽፍ ምንም አይታይም» አለችኝ። ሊኑክስ ተርሚናል ላይ የይለፍ ቃል ሲጻፍ ኮከብም ነጥብም እንደማያሳይ አስረዳኋት። የማይታይ ነገር መጻፍ ለማንም ከባድ ነው፣ አንድ ፊደል ዘለለች። ድጋሚ። ይሄኛውም አልሆነም። በአራተኛው ገባች።

ከዚያ ደግሞ ስሙ መጣ። ኔትወርክ ማኔጀር በራሱ የፈጠረው ግንኙነት ስሙ «ዋየርድ ኮኔክሽን 1» ነው። የመጀመሪያው ፊደል ትልቅ፣ መሃል ላይ ሁለት ክፍት ቦታ። ክፍት ቦታ ስላለው ስሙ በጥቅስ ምልክት መታጠር አለበት። በስልክ «የጥቅስ ምልክት» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለማስረዳት 10 ደቂቃ ፈጀብን። ከዚያ «አይፒቪ4 ነጥብ ጌትዌይ፣ ነጥቡ ከአራቱ ጋር የተጣበቀ»። ስክሪኑን ፎቶ እያነሳች በቴሌግራም ትልክልኛለች፣ እኔ አይቼ አርማለሁ። በመሃል ደንበኛ ይመጣባታል፣ ትነሳለች፣ በእጅ ደረሰኝ ትጽፋለች፣ ትመለሳለች። እህቴ፣ ያን ቀን ስላሳየሽኝ ትዕግሥት አመሰግንሻለሁ። ከላከቻቸው ፎቶዎች በአንዱ ላይ ኤንኤምሲኤልአይ የኔትወርክ ካርዱን ሁኔታ በአረንጓዴ ጽፎታል፤ «ተገናኝቷል» ይላል። ሲስተም የለም፣ በእጅ ነው የሚሸጠው፣ እኔ ከውጭ መግባት አልቻልኩም፣ እሱ ግን ተገናኝቷል።

እኩለ ቀን ላይ ስልኩ ራሱ ይቆራረጥ ጀመር። ተውነው።

እሑድ ንጋት 11 ሰዓት ላይ አውቶቡስ ውስጥ ነበርኩ። ደብረ ብርሃን ላይ ብርዱ፣ ጣርማበር ላይ ጉሙ፣ ሸዋ ሮቢት ላይ ሙቀቱ። ከሚሴን አልፈን፣ ኮምቦልቻን አልፈን ደሴ ስደርስ ቀኑ ተገባዷል። ጥበቃው ጋሼ በሩን ከፈቱልኝ። ቁጭ አልኩ። አንድ መስመር ጻፍኩ፣ ጌትዌዩን። ኮኔክሽኑን አስነሳሁት። ዋየርጋርዱ ወዲያው ተነሳ። የካሸር ማሽኖቹን አዲሱን አድራሻ አሳወቅኋቸው፣ ተነጋገሩ። በስልክ የተነገረውን የይለፍ ቃል ቀየርኩ። ሁሉም ነገር ሩብ ሰዓት አልፈጀም። ጋሼ ቆመው ሲያዩኝ ቆዩና «ልጄ፣ ለዚህች ነው ከሸገር ድረስ የመጣኸው?» አሉኝ። «አዎ ጋሼ» አልኳቸው። ሌላ የምለው ነገር አልነበረኝም።

አሁን ወደ ዋናው ብሶቴ ልምጣ። ዊንዶውስ ላይ የስክሪን ሬዞሉሽን ቀይራችሁ ታውቃላችሁ? «ይህ ይቆይ ወይስ ይመለስ?» ብሎ ይጠይቃል። 15 ሰከንድ ውስጥ መልስ ካላገኘ ራሱ ወደ ነበረበት ይመልሰዋል። ለምን? ስክሪኑ ጠፍቶብህ ከሆነ መልስ መስጠት እንደማትችል ስለሚያውቅ ነው። ከፊት ለፊትህ ላለ ስክሪን ይህን ያህል ታስቧል። 400 ኪሎ ሜትር ርቆ ላለ ማሽን ግን አልታሰበም።

መፍትሔው አልታወቀም እንዳትሉኝ። ጁኒፐር የተባለው ኩባንያ የሚሠራውን ራውተር የነካ ሰው «ኮሚት ኮንፈርምድ»ን ያውቃል። ለውጡን ታስገባለህ። 10 ደቂቃ ውስጥ ተመልሰህ ካላጸናኸው ራውተሩ ራሱ ወደ ቀድሞው ይመለሳል። የኔትወርክ ሰዎች በዚህ ስንት ጊዜ ከመንገድ ተርፈዋል። ኡቡንቱ ሰርቨር (ሌላው የሊኑክስ ዓይነት) ላይም ኔትፕላን የሚባለው የኔትወርክ ማስተካከያ ያው ነገር አለው። «ኔትፕላን ትራይ» ስትለው ለውጡን ይሞክርና 120 ሰከንድ ይጠብቅሃል። ኢንተር ካልተጫንክ ይመልሰዋል። ቦንድና ብሪጅ በሚባሉት የተጣመሩ ግንኙነቶች ላይ ሁሉንም ነገር መመለስ አይችልም፣ ቢሆንም ትልቅ ነገር ነው። ግን ትምህርቱን ሁሉ ክፈቱ፣ ቪዲዮውን ሁሉ እዩ። የሚያስተምሩት «ኔትፕላን አፕላይ»ን ነው። እሱ አይጠይቅም፣ አይመልስም። ደህናው መንገድ ተደብቆ አደገኛው መንገድ ዋና መንገድ ሆኗል።

ኔትወርክ ማኔጀር ራሱስ? ከውስጡ ቼክፖይንት የሚባል ነገር አለው። ያለውን ሁኔታ ይይዛል፣ ለውጡ ካልጸና ወደዚያ ይመልሳል። በአዳዲሶቹ እትሞች ከኤንኤምሲኤልአይም ልትጠራው ትችላለህ፣ «ዲቫይስ ቼክፖይንት» ብለህ። ይህን ያወቅሁት ከደሴ ስመለስ አውቶቡስ ውስጥ በስልኬ መመሪያውን ሳነብ ነው። ስንት ዓመት ይህን መሣሪያ ስጠቀም! እሳቱን የሚያጠፋው ውኃ እዚያው ቤት ውስጥ ነበር፣ ግን ጓዳ ተቆልፎበት። ለምን ነባሪው (ሳይጠየቅ የሚሠራው) እሱ አይሆንም? ቢያንስ ሰውዬው በኤስኤስኤች መግባቱ ሲታወቅ ለምን ራሱ አይበራም? የማይፈልግ ሰው ያጥፋው። አሁን ግን የሚያውቅ ብቻ ነው የሚድነው፣ የሚያውቀው ደግሞ አንድ ጊዜ የተቃጠለው ነው።

ለጀማሪ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። አንድ ልጅ ሊኑክስ ልማር ብሎ ሲነሳ የመጀመሪያው ትምህርት «ኢፍኮንፊግ ጻፍ» ይለዋል። ኢፍኮንፊግ እ.ኤ.አ. በ1983 ቢኤስዲ ከሚባለው የዩኒክስ ዓይነት ጋር የወጣ የኔትወርክ ትእዛዝ ነው። አዲስ ዴቢያን ወይም ኡቡንቱ ላይ ሲጽፈው «ኮማንድ ኖት ፋውንድ» (ትእዛዙ አልተገኘም) ይባላል። ኢቲኤች0 የሚባለውን የኔትወርክ ካርድ ፈልግ ይሉታል፣ እሱ ጋ ኢኤንፒ3ኤስ0 ነው ያለው፣ እ.ኤ.አ. ከ2013 ወዲህ ስሞቹ ተቀይረዋል። ኡቡንቱ ሰርቨር እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ኔትፕላን ሆኗል፣ ያምል በሚባል የጽሑፍ ቅርጽ ነው የሚጻፈው፣ አንድ ታብ ከገባበት አይሠራም። የሬድሃት (የሌላው የሊኑክስ ዓይነት) ቤተሰብ ዘንድ ለዓመታት የተለመዱት የኔትወርክ ፋይሎች እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣው 9ኛው እትም ቦታቸውን ለሌላ ዓይነት ለቀዋል። ዲኤንኤሱን ሪዞልቭ ኮንፍ በሚባለው ፋይል ውስጥ ይጽፋል፣ ነገ ሲከፍተው የጻፈው የለም፣ 127.0.0.53 የሚል የማሽኑ የራሱ አድራሻ ተቀምጦበታል። አንዱን ሲይዝ ሌላው ያመልጠዋል። ለእያንዳንዱ ለውጥ ምክንያት እንዳለው አውቃለሁ፣ የብዙዎቹም ምክንያት ጥሩ ነው። ግን ይህን ሁሉ ተሸክሞ በአንድ ሞደም ቀጭን መስመር የሩቅ ማሽን ለሚነካ ሰው አንድ የመመለሻ ገመድ ይገባዋል። ብዙዎቻችን ማሽኑ ያለበት ከተማ ውስጥ አይደለንም። ሰርቨሩ ጋ ቆሞ የሚጠብቅልን ባለሙያ የለም። ማሽኑ ከጠፋ መንገድ ነው።

ማክሰኞ የጅማው ቅርንጫፍ ተራ ነው። ያው ዴቢያን፣ ያው ራውተር፣ ያው የመብራት ችግር። ያለው ኔትወርክ ማኔጀር የቆየ እትም ስለሆነ ቼክፖይንቱን አላምነውም። ስለዚህ መጀመሪያ ሰርቨሩን ከ10 ደቂቃ በኋላ ራስህን አጥፍተህ ተነስ ብዬ አዘዋለሁ። ከዚያ ለውጡን በሞዲፋይ አስገባለሁ፣ ግን ዲስክ ላይ እንዳይጽፈው «ቴምፖራሪ» የሚለውን ጨምሬ። አድራሻ፣ ጌትዌይ፣ ዲኤንኤስ፣ ዘዴ፣ አራቱንም በአንድ መስመር፣ ከወረቀት እያነበብኩ። ኮኔክሽኑን አስነሳዋለሁ። በሌላ መስኮት ተመልሼ መግባቴን አያለሁ። ካልገባሁ ማሽኑ ራሱ ተነስቶ ወደ አሮጌው አድራሻ ይመለሳል፣ እኔም አዲስ አበባ እንደተቀመጥኩ እንደገና እሞክራለሁ። ከገባሁ ግን የዳግም መነሻውን ትእዛዝ እሰርዝና ለውጡን ዲስክ ላይ አስጽፈዋለሁ።